መርዶ ነጋሪው ፕሪንተር

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ ኢዮሲያስ፤
የመተሳሰብ እድር የቴክኖሎጂ ንዑስ ኮሚቴ መሥራች፣ ሰብሳቢና፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ብቸኛ አባል፤
ታርኔት፣ ሜልበርን።

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። እርስዎ ደህና፣ ባለቤትዎ ደህና፣ ልጆችዎ ደህና፣ ሳሎንዎ ውስጥ አረንጓዴ መብራት ሲያበሩ የሚያድሩት መሣሪያዎችዎም በሙሉ ደህና እንደሆኑ እምነቴ ነው። እኔ፣ በዕድሜ እናትዎ ልሆን ጥቂት የቀረኝ የእድራችን ጸሐፊ ሂንድ፣ ሜድስቶን ባለው ቤቴ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴና ከንዴቴ በስተቀር የሚያመኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ በኢሜይል አልላክሁልዎትም። በእጃቸው ይዘውልዎ የመጡት የእድራችን ሽማግሌ ጋሼ ዘይኑዲንና አብረዋቸው ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። በእረፍት ቀንዎ ገና በማለዳ በርዎን ለምን እንዳንኳኩ፣ ገብተውም አጠገብዎ ለምን እንደተቀመጡ፣ አንብበው እስኪጨርሱም ለምን እንደማይነሱ ወደ መጨረሻው እገልጻለሁ። እስከዚያው እባክዎ እርስዎም ይቀመጡ። ባለቤትዎንም ይጥሯቸው።

ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው እሑድ ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀረቡት ሪፖርት ነው። ከግድግዳው ላይ ባበሩት ሥዕል፣ ለዓይን በሚስብ ሰማያዊ ቀለም፣ "ችግር፦ ፕሪንት የማይሆን ሰነድ። መንስኤ፦ የወረቀት መጠን። መፍትሔ፦ ከርቀት ተስተካክሏል። ጉዳዩ ተዘግቷል" የሚል አስነብበውናል። አዳራሹ አጨበጨበልዎ። ጥቂቶቻችን ግን እጃችንን ጉያችን ውስጥ እንደከተትን ነበርን፤ እርስዎም ከመድረኩ ሆነው ብርድ ነው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም፣ ማሞቂያው ከፍ እንዲል አዝዘዋልና። ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። በዚያ ቀን እህታችን አየለች ከመካከላችን አልነበረችም፤ የት እንደነበረች ሪፖርትዎ አይገልጽም፤ እኔ ልግለጽልዎ።

ጉዳዩን ከሥሩ ለማያውቁ አባሎቻችን ስል ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የአየለች ወንድም አቶ ዳምጤ ደሴ ላይ ታምሞ ቆይቶ ዐረፈ። አባትና እናታቸው ሲሞቱ አየለች ገና በእንፉቅቅ ነበረች፤ እሱ ነው ትምህርቱን ጥሎ ጋራዥ ተቀጥሮ ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ የዳራት። "ወንድሜ" ስትል አባቷንም እናቷንም ነው የምትጠራው። መታመሙን ሰምታ ልታየው ቲኬት ቆርጣ ነበር፤ በተከታዩ ሳምንት ልትበር። ዘመዶቿ ሞቱን ለእሷ አልነገሩም። የደወሉት ለጋሼ ዘይኑዲን ነው። ለምን ቢሉ መርዶ በስልክ አይነገርማ! ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርማ! ሽማግሌ ከፊት፣ ጎረቤት ከኋላ ሆኖ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው በግራም በቀኝም ቆሞ ነው የሚነገረው። እዚህ አገር ሁሉም ሺፍት ላይ ስለሆነ ሰው የሚሰበሰበው ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ቤቷ እንድንሄድ፣ መኪናችንንም እንዳታየን ከመንገዱ ማዶ እንድናቆም ተስማማን። ጥሪውም በስልክ መልእክት እንዳይሆን ተባለ፤ መልእክት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እሷው ጋ ይደርሳልና፤ በወረቀት ታትሞ በእጅ ይታደል ተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኛም ሥራ ያንን ባዳነት እስከ ቅዳሜ ማለዳ መጠበቅ ብቻ ነበር። እርስዎም በስብሰባው ላይ ነበሩ፤ ስልክዎን እያዩ ቢሆንም ነበሩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ፕሪንተሩ። እርስዎ ሳይመጡልን በፊት የእድሩን ወረቀት ሁሉ የማሳትመው ሰንሻይን ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለች አንዲት ቬትናማዊት ሱቅ ነበር። ሴትየዋ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ገና ትኩስ ነው፤ ቋንቋችንን ስለማታውቅ ምሥጢራችንንም አታውቅም። ይህ አሠራር ኋላ ቀርና "ለመረጃ ደኅንነት አስጊ" መሆኑን በአንድ ሰዓት ንግግር አስረድተው፣ መሥሪያ ቤትዎ አርጅቷል ብሎ የጣለውን ፕሪንተር ቴሌቪዥኔ አጠገብ አስቀመጡልኝ። ከእንግዲህ የኮሚቴው አባል ሁሉ ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ ከእኔ ቤት ፕሪንት ማድረግ ይችላል ብለው አበሠሩን። የተናገሩት ደርሷል፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም፣ ወረቀቱም አልተንቀሳቀሰም።

ሁለተኛ፤ ስለ ማስታወቂያው። ከታርኔት ሆነው አዘጋጅተው የላኩት ማስታወቂያ በእውነቱ ያማረ ነበር። ጥቁር ክፈፍ፣ ከመሃል የአቶ ዳምጤ ፎቶ በሙሉ ልብሱ፣ ከታች በደማቅ ፊደል "እስከ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ ለእህታችን ለአየለች እንዳይነገር በጥብቅ እናሳስባለን።" ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፤ በአሜሪካ የወረቀት ልክ ነው የሠሩት። እንዲህ ያለው ወረቀት በእኛ ሰፈር ሱቆች አይሸጥም፤ ፕሪንተሩ ግን የታዘዘውን ወረቀት እስኪያጎርሱት ድረስ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። ይህንን ያወቅሁት ከራስዎ ሪፖርት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አባቶች የእርስዎን ፕሪንተር ቢያዩት ኖሮ ሦስተኛ አድርገው ይጨምሩት ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ምክርዎ። ደወልሁልዎ፤ እርስዎም በማይጠፋው ትዕግሥትዎ፣ "እትዬ ሂንድ፣ ጭንቀት የለም፤ ድጋሚ ክሊክ ያድርጉ" አሉኝ። ድጋሚ ክሊክ አደረግሁ። ማስታወቂያው ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ሆኖ ተሰለፈ፤ አልወጣ ሲል ደጋግሜ ብጫነው ሰልፉ ረዘመ። "ያጥፉትና ያብሩት" አሉኝ፤ አጥፍቼ አበራሁት። "ትንሽ ይረፍ" አሉኝ፤ እኔ ከመጋዘን ሥራዬ ገብቼ ሳላርፍ እሱ ዐረፈ። "ካንስል ያድርጉት" ሲሉኝ ካንስል አደረግሁት፤ ኮምፒውተሩም "በመሰረዝ ላይ" የሚል ጽሑፍ አወጣና፣ ልሂድ ልሂድ እያለ በር ላይ ቆሞ እንደሚያወራ እንግዳ ሳይሰርዝም ሳያትምም እዚያው ቀረ። በመጨረሻ ለእንዲህ ያለው ችግር መፍትሔውን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ መመሪያ እንደጻፉ ነገሩኝና ላኩልኝ። ከላዩ ላይ "ይህንን መመሪያ ፕሪንት አድርገው አጠገብዎ ያስቀምጡ" ይላል። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ፕሪንት አደረግሁት። አልወጣ ያለውን ወረቀት የሚያስወጣው መመሪያ፣ አልወጣ ካለው ወረቀት ኋላ ተሰለፈ። እንዲህ ያለ ትምህርት የት እንደሚሰጥ አላውቅም፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የነበረው ግን በእኛ ጊዜ ነው።

በዚሁ መሃል አየለች የአውሮፕላን ቲኬቷን በኢሜይል ላከችልኝ። ሁልጊዜም ወረቀቷን የማሳትምላት እኔ ነኝ፤ በስልክ የሚያሳዩትን ቲኬት አታምነውም። እምቢ ብላት ትጠረጥራለች ብዬ ፈራሁ፤ ላክሁት። የእህት ቲኬት ከወንድሟ መርዶ ኋላ ተሰለፈ።

አራተኛ። ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አየለች ከሥራዋ በቀጥታ መጣች። ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠችና ከገበያ ማዕከሉ የገዛችለትን ሹራብ አውጥታ አሳየችኝ፤ ደሴ ይበርዳል፣ ሕመምተኛ ብርድ አይችልም አለችኝ። እኔም ጨርቁን ዳበስሁና ጥሩ ነው፣ ይሞቀዋል አልሁ። ክቡርነትዎ እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽተው ያውቃሉ? ምላስ ይቆስላል። ፕሪንተሩ አልሠራ ብሏል፣ ቲኬቱን ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ ብላትም፣ "እጠብቃለሁ፤ ምን አስቸኮለኝ፣ ቤት ሄጄ ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው?" አለችኝ።

እርስዎ የደወሉት ያኔ ነው። "እትዬ ሂንድ፣ አሁን ከቤቴ ሆኜ ሪሞት ኮምፒውተርዎ ውስጥ እገባና ፊክስ አደርገዋለሁ" አሉኝ። እኔም በፊቷ ልናገር የምችለውን ያህል ተናገርሁ። የፊተኛውን ያጥፉልኝ አልሁ። "ለምን? የእድሩ ማስታወቂያ እኮ ነው፣ ለነገ ያስፈልጋል" አሉ። እንግዳ አለችኝ አልሁ። "ትጠብቅ፣ አምስት ደቂቃ ነው" አሉ። ኢዮሲያስ፣ እንግዳ አለችኝ እያልሁህ ነው አልሁ፤ አንቱታውን በድንጋጤ መተዌን ይቅር ይበሉኝ። "ሰላም በሉልኝ" አሉ። ለብልህ አይመክሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም። እርስዎ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ሰው ነዎት፤ አንዲት ሴትዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሁለት ጊዜ እንግዳ አለችኝ ካለች የሰፈርዎ ሕፃን እንኳ ዝም ማለት ያውቅ ነበር። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው ይህን ያስረሳዎ?

ስልኩን ዘጋሁና ቶሎ ብዬ፣ "አየለች እዚህ ናት፤ የዳምጤን አጥፋው፤ ምንም እንዳታወጣ" ብዬ ጻፍሁልዎ። ወዲያው እሺ የምትለዋን የአውራ ጣት ሥዕል ላኩልኝ። የኔ ጌታ፣ ያችን አውራ ጣት ሳይ ትንፋሼ ተመለሰ። ገባው አልሁ። ገመዱን ልነቅል የዘረጋሁትን እጄን መለስሁና ሻይ ልጥድ ወደ ኩሽና ገባሁ። መልእክቴን እንዳላነበቡት የገባኝ በኋላ ነው፤ ከሰው የመጣልዎን ሁሉ ሳያዩ በአውራ ጣት የሚሸኙ መሆንዎን እኔ ከየት ልወቅ?

የማውሷ ቀስት ኮምፒውተሬ ላይ ብቻዋን ትንቀሳቀስ ጀመር። አየለች ገርሟት፣ "ሂንዴ፣ ማን ነው የሚነዳው?" ብላ ጮኸች። የእድሩ ልጅ ነው፣ ከታርኔት ሆኖ ነው አልኋት። "እድሜ ይስጠው! እንዴት ያለ ልጅ ነው፣ እናቱ የተባረከች" አለች። ምርቃቱ የእርስዎ ነውና በዚህ አድርሻለሁ።

ከዚያ ፕሪንተሩ ነቃ። ድምፁን ከኩሽና ሰማሁት። ቀጥሎ የሰማሁት የአየለችን ነው፤ "ሂንዴ፣ ወጣልኝ!"

ስደርስ የመጀመሪያው ወረቀት በእጇ ነበር፤ ፈገግ ብላለች። መጀመሪያ ያየችው ፎቶውን ነው። "ዳምጤን ከየት አገኘሽው? አምሮበታል እኮ" አለችኝ። ስጦታ ያዘጋጀሁላት መስሏት ነው። ሁለተኛው ወጣ፣ ያው ፊት። ሦስተኛው ወጣ። ከዚያ ጽሑፉን አነበበችው፤ በደማቅ የጻፉትን፣ ለእሷ እንዳይነገር የምታስጠነቅቀዋን መስመር ሳትቀር አነበበቻት። ከእድራችን አባላት ያንን ማስታወቂያ በወረቀት አስቀድሞ ያነበበው ማን ነው ቢባል አየለች ናት። ከነካፖርቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ከኋላዋ የሚይዛት ጎረቤት የለም፣ ከፊቷ ሽማግሌ የለም፣ አንዲት የሻይ ብርጭቆ የያዘች ሴትዮ ብቻ። ያ ማሽን ደግሞ ስንት ጊዜ ክሊክ እንዳደረግሁ ታምኖ ቆጥሮ ኖሯል፤ የወንድሟን ፊት በላይ በላዩ እየተፋ እግሯ ሥር ይጥልባት ነበር። ገመዱን ነቀልሁት። ስልኬ ጮኸ። እርስዎ ነበሩ።

"ወጣ አይደል?" አሉኝ።

ወጣ አልሁ።

"ኮንግራጁሌሽን!" አሉኝ።

አምስተኛ፤ ስለ ሐዘን መግለጫዎ። በማግስቱ ለእድሩ ቡድን በጠቅላላው የላኩት የሻማ ሥዕል ደርሶናል። ሰው ሁሉ ወለል ላይ ተቀምጦ ሳለ እርስዎ አልታዩም፤ ታርኔት ሩቅ ነው። ባቡሩ ሰንሻይን እንደሚቆም፣ ከሰንሻይን የሚያመጣዎ መኪናም እንደማይጠፋ ግን በትሕትና አስታውሳለሁ። ከርቀት ማስተካከል የማይቻል ሥራ አለ፣ አቶ ኢዮሲያስ። ሰው ሲያለቅስ አጠገቡ መቀመጥ ከዚያ አንዱ ነው።

አየለች በሳምንቱ ሄደች። ቲኬቷን ቬትናማዊቷ አተመችላት። ሹራቡንም ይዛው ሄዳለች፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ጉባኤው ላይ እርስዎ "ጉዳዩ ተዘግቷል" ሲሉ እሷ ደሴ መቃብር ላይ ነበረች።

አሁን የቀረኝን ልናገር። ከመሄዷ በፊት፣ ስለዚያ ዓርብ ስምዎን እየጠራሁ እርስዎን ስረግም ሰምታኝ፣ እጄን ያዘችና፣ "ለልጁ እንዳትነግሩት" አለችኝ። "ለእኔ ሲለፋ እኮ ነው። መርቄዋለሁ፤ እንዲህ መሆኑን ቢሰማ ይከፋዋል። ሲሆን ሲሆን ስመለስ እኔው ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ፤ ባይሆን ሰው ባለበት ይነገረው፣ ብቻውን አይስማው።" ይህን ያለችው ብቻዋን የሰማች ሴት ናት። እኔ እንደ እሷ ደግ አይደለሁም፤ እስክትመለስ መጠበቅ አልቻልሁም። ከሪፖርትዎ በኋላማ አንጀቴ አረረ። ነገር ግን ቃሏን በግማሽ ጠብቄአለሁ። ስለዚህ ነው ጋሼ ዘይኑዲን በማለዳ የመጡት፣ ስለዚህ ነው በግራና በቀኝዎ ሰው የተቀመጠው፣ ባለቤትዎን ይጥሩ ያልሁትም ስለዚህ ነው። መርዶ ነው ያመጣንልዎ፣ ክቡርነትዎ፤ ያደረጉትን ነው የነገርንዎ። እኛ እንዲህ ነው የምንናገረው። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለአባላቱ ሁሉ በእጅ የሚታደለውም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ባለቤቱ ሳይሰማ ሌላው እንዲሰማ አልፈለግንም።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አየለች ስትመለስ ቤቷ ይሂዱ። መመሪያ አይጻፉ፣ ሥዕል አይላኩ፣ ሄደው ይቀመጡ። ምን እንደሚሉ ካላወቁ ምንም አይበሉ፤ ማልቀስ ሪሞት አይፈልግም።

ዕውቀትዎ ይብዛ፣ አውራ ጣትዎ ይረፍ፤ ኢንተርኔትዎ አይቋረጥ፣ የሚያነቡት መልእክት ግን ከዕለታት አንድ ቀን ይኑር እያልሁ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር ከወንበሬ ብድግ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የማስታወቂያዎ የመጀመሪያዋ አታሚና የመጨረሻዋ ታዛዥ፣
ሂንድ
የመተሳሰብ እድር ጸሐፊ፤ ሜድስቶን

ተጨማሪ፤ ፕሪንተሩ በጋሼ ዘይኑዲን መኪና ተጭኖ መጥቶልዎታል፤ ሲወጡ ተጋግዛችሁ አውርዱት። አየለች በሚመጣው ቅዳሜ ትገባለች፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋል፤ እርስዎ እንዲሆኑ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ለቅሶም ሆነ ሠርግ ላይ ታይተው ስለማያውቁ ፊቷን አላውቀውም ይሉ ይሆናል። አይቸገሩ፤ ቁርጥ ወንድሟን ነው የምትመስለው፤ የእሱን ፊት ደግሞ ክፈፍ ሲሠሩለት በደንብ አይተውታል።